ሦስት መስመር

ፔናንግ ደሴት ላይ፣ ባያን ሌፓስ ሠፈር፣
ዝናብ ከቆርቆሮው ሌሊት ሲከራከር፣
ቪሳላክሺ ብቻ፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ዓይኗን ሳትሰብር ስክሪኑን ስታይ፣
ያየችው ልብ ነበር፣ ገና ያልተወለደ፣
በአልትራሳውንዱ እየተጎረደ፤
አንዱ ምት ይመጣል፣ ቀጣዩ ይቀራል፣
ሥዕሉ ሲጀምር መሐሉ ይሰበራል።

ቅጂ ነው፣ ለሙከራ ከአንድ ክሊኒክ የተዋሱት።
ልጁ ይኼኔ ጥርሱን ነቅሎ፣ ፊደል ቆጥሮ ይሆናል፤
እዚህ ግን ልቡ ገና እንደ ክር ይበጠሳል።

ቺፑ ሰነፍ አይደል። ቺፑ ይጠብቃል።
በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ሁለት መቶ ሚሊዮን ጊዜ
እጁን ይዘረጋል፤
አብዛኛውን ጊዜ
«ቆይ» ይባላል።

ኩኣ ቴክ ሲዮንግ ገባ፣ ጃንጥላው ሲያንጠባጥብ፣
ለጡረታው አንድ ቀን የቀረው፣ ዕቃውን በካርቶን የሚሰበስብ፣
ከኋላዋ ቆሞ ኮዷን ሲያነብ፣ ሲያነብ።

«ነጥቦቹን ከየት ነው የምታመጫቸው?»
«ከውጪው ሜሞሪ። ሙሉ ሥዕሉ ያለው እዚያ ነው።»
«ስንት ጊዜ?»
ዝም አለች። መልሱን ታውቀዋለች።
አንዲት ነጥብ ብቻዋን ምንም አይደለች፤
ስምንት ጎረቤቶቿ ካልመሰከሩላት
ጥላ ትሁን ሥጋ የሚለይላት የላት።
«ዘጠኝ ጊዜ» አለች።

«ለአንዲት ራስ ሽንኩርት ዘጠኝ ጊዜ ገበያ!
ያውም በዚህ ዝናብ!»
ሳቀ። ወንበር ሳበ። ኩባያዋን ገፋ አድርጎ
ከጃንጥላው በወረደው ውሃ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ ሣለ፦

«ይቺ መዳፍ ናት። አንዲት ቢት፣ አንድ ምት፤
ሳትጠሪያት አቤት ትላለች፣ ግን ቦታ የላት።
ይቺ ኪስ ናት፤ ብዙ ከጨመርሽባት ትቀደዳለች።
ይሄ ጓዳ ነው፣ በየዐምዱ ተደርድሯል፣
ሁለት በር አለው፤ ባንዱ ሲገባ ባንዱ ይወጣል።
ያ ውጪ ያለው ግን…
ሰፊ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ጠባዩ ነው ክፉ፤
ቶሎ ቶሎ ካልቀሰቀሱት ይረሳል በእንቅልፉ፤
አንድ መደርደሪያ ሊከፍትልሽ ሲነሣ
ሌላውን ሳይዘጋ እግሩን አያነሣ።
ሠላሳ ዓመት ከሱ ጋር ተጣልቻለሁ።
አልረታሁትም። መንገዴን ግን አሳጥሬአለሁ።»

ቀጥሎ ሦስት ጭረት።
«ሦስት መስመር ያዢ፣ ጓዳው ውስጥ። ሙሉው ምን ያደርግልሻል?
ዘጠኙን ነጥብ በመዳፍ። አራተኛው መስመር ሲመጣ
የመጀመሪያው ይሂድ፤ ሥራውን ጨርሷል።
አይክፋሽ።»

ሁለት ሳምንት የለፋችበትን ሰረዘች።
ማሽኑ ሎጂኩን ሲያሰፍር፣ ሽቦ ሲቀጥል፣ ሲያፈርስ፣ ደግሞ ሲቀጥል፣
እሷ የቀዘቀዘ ኑድል በላች።
አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል ሪፖርቱ ወጣ፤
ቀይ የነበረው ቁጥር አረንጓዴ ሆኖ መጣ፤
የተረፈው ጊዜ
የናኖሰከንድ አንድ አሥረኛ። እሱም ጊዜ ነው።
ፍላሿ ላይ ጻፈችው።

ልቡ መታ። ደገመ። ሠለሰ።
ያኔ ነው መብረቁ። ሕንፃው በሙሉ ጨለመ።

ቺፑ ሁሉን ረሳ፤ መዳፉን፣ ጓዳውን፣
ሦስቱን መስመር፣ ስሙን፣ የተፈጠረበትን ጉዳዩን፤
ባዶ አሸዋ ሆነ።
መብራት ሲመለስ፣ ቦርዱ ጥግ ላይ ያለችው፣
ጥፍር የምታህለው፣ ከሁሉም ቀርፋፋዋ፣
ፍጥነት ሲቆጠር ማንም የማይጠራት ፍላሽ
ማን እንደሆነ ቢት በቢት ነገረችው።
ሰማ። እሺ አለ።
ልቡ ቀጠለ።

ዞራ «አየህ?» ልትለው፣ ወንበሩ ባዶ ነው።
ጠረጴዛው ላይ ሦስቱ ጭረት ሊደርቁ ጥቂት ነው የቀራቸው።
ዝናቡ አባርቶ ኖሯል፤
ሽማግሌው ጃንጥላውን ረስቶ ሄዷል።